ተከታታይ የሳይንስ ልቦለድ ድራማን ወደ መድረክ ማምጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን አንድ የሳይንስ ልቦለድ ቴአትር አሳየን። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ይደወላል። የሚደውሉት የሚኒ ሚዲያ ልጆች፣ የክበብ መምህራን፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ግን ያው ነው። ደጋግሜ ከማወራው ልጻፈው ብዬ ነው። ሊቅ ነኝ አልልም። እዚህ ያለው አንብቤ ያገኘሁትና ሠርቼ የተበላሸብኝ ነው።

በቲቪ የምናየው የጠፈር ድራማ መድረክ ላይ ይሆናል እንዴ?

ይሆናል። እንዲያውም ነገሩ ከመድረክ ነው የመጣው። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ዓለም ያገኘው ከቴአትር ነው። የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 «አር.ዩ.አር.» የተባለ ተውኔት አሳተመ። ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። በቼክኛ «ሮቦታ» ማለት ጭሰኛ ለጌታው በግድ የሚሠራው ሥራ ነው። የኛ አያቶች ቢሰሙት አስተርጓሚ አይፈልጉም ነበር።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ፕራግ ያለው ብሔራዊ ቴአትር ሲያዘገየው፣ ህራዴትስ ክራሎቬ በምትባል ከተማ ያሉ አማተሮች ቀድመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1921 አሳዩት። አማተሮች! የክፍለ ሀገር ልጆች! ለዋናው ከተማ አዳራሽ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይህችን ይያዝልኝ። ሮቦቶቹ ደግሞ ብረት አልነበሩም። በታሪኩ ውስጥ ሥጋ ለባሽ ሆነው የተፈበረኩ ናቸው። ስለዚህ መድረክ ላይ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው።

ከቲቪ ወደ መድረክ የመጣውም ብዙ ነው። የቢቢሲው «ዶክተር ሁ» በ1963 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ሁለት ዓመት አለፍ ሲል፣ በ1965 መጨረሻ ለንደን ላይ ቴአትር ሆነ። የሚገርመው፣ ዋናው ሰውዬ ዶክተሩ በቴአትሩ ውስጥ የለም። ያሉት ጠላቶቹ ዳሌኮች ናቸው። በቅርቡ ደግሞ «ስትሬንጀር ቲንግስ» በ2023 ለንደን፣ በ2025 ኒውዮርክ መድረክ ላይ ወጥቷል።

አስር ክፍል እንዴት ሁለት ሰዓት ውስጥ ይገባል?

አይገባም። ለማስገባት የሚሞክር ሰው የሚያሳየው ቴአትር ሳይሆን ማጠቃለያ ነው። «ከዚያ እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ እንዲህ ሆነ» እያለ ሲሮጥ ተመልካቹ ያዛጋል። በአማርኛ «ውርስ ትርጉም» የምንለው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቃል በቃል አትገለብጥም፤ ትወርሳለህ። የወረስከውን ደግሞ ሁሉንም አትይዝም። ከአባት ቤት ስትወጣ አልጋውን ተሸክመህ አትሄድም።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት እዩ። «ትዋይላይት ዞን» ከ1959 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. 156 ክፍል የታየ ነው። አን ዋሽበርን የተባለች ጸሐፌ ተውኔት ለለንደን መድረክ ስትጽፈው ጥቂቶቹን መረጠችና አንዱን በአንዱ ውስጥ ሸመነቻቸው። የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» ሰዎች ደግሞ ከታሪኩ ወደ ኋላ ሄዱ። ድራማው በ1980ዎቹ ነው፤ ቴአትሩ 1959 ላይ ነው። የልጆቹን ወላጆች አባትና እናት ከመሆናቸው በፊት እናያቸዋለን። ይሄ ብልህነት ነው። ቲቪው የነገረህን መልሶ አይነግርህም።

እኛስ? እኛ ቡና አፈላን። ቀልድ አይደለም። ታሪኩ በጊዜ ውስጥ የሚባዝን ሰው ነው። አንድ ሌሊት በጦሳ ተራራ ጭጋግ ውስጥ ይወድቅና ደሴ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት ይገባል። ጽሑፉ በመጀመሪያ ስምንት ክፍል ነበር። ቆርጠን ቆርጠን ሦስት ገቢር አደረግነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በአቦል እንግዳው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በቶና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ወሬው ይሞቃል። በረካ ላይ መሰነባበት አለ። ተመልካቹ የት እንዳለ ሁሌም ያውቃል። ከጀበናው ነው የሚቆጥረው።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዎ። አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የባለቤቱ ነው። የቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የአገር ውስጥ ድራማ ከሆነ ደራሲውን ፈልጋችሁ አናግሩ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። «በቃል ተስማምተናል» የሚባለው ነገር ትኬት መሸጥ እስኪጀመር ድረስ ነው የሚሠራው።

የውጭ ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። እኛ መጀመሪያ የፈለግነው አንድ የታወቀ የውጭ ድራማ ነበር። ለባለቤቱ ኩባንያ ሁለት ጊዜ ጻፍን። መልስ የለም። አራት ወር ጠበቅን። በመጨረሻ አንዷ ተዋናያችን «ሀሳቡ እኮ የማንም አይደለም» አለች። እውነቷን ነው። በጊዜ ውስጥ መመላለስ፣ ከሌላ ዓለም መምጣት፣ እነዚህን ማንም በካርታ አልያዛቸውም። ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው፤ ባዶ ሀሳብን አይጠብቅም። ስለዚህ የራሳችንን ጻፍን። አሁን ሳስበው ያ ዝምታ ውለታ ነው የዋለልን።

መንኮራኩሩንስ እንዴት ነው የምታሳዩት?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል። መልሴ አጭር ነው፤ አናሳይም። ማብራሪያው ግን ትንሽ ይረዝማል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታማው የፀሐይ ግርዶሽ ሲያልፍ ላሊበላ ነበርኩ። ማለዳ ነው። በመነጽር ፀሐይዋን ያየኋት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ዓይኔ ወደ ሰዎቹ ሄደ። ብርሃኑ ደከም አለ፣ ብርዱ መለስ አለ፣ የጥላችን ጠርዝ እንደ ምላጭ ሰላ። አንዲት እናት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ቀረች። አንድ ትንሽ ልጅ ደግሞ ሰማዩን ትቶ የአባቱን አገጭ ከታች ያያል። አባትዬው ምን ያህል እንደደነገጠ ሊያነብ ነው መሰለኝ። ዛሬ ስለዚያ ቀን ስጠየቅ የሚመጣብኝ የዚያ ልጅ ፊት ነው። ፀሐይዋን ከፎቶ ነው የማስታውሳት።

መድረክም እንደዚያ ነው። መንኮራኩሩ ሲያርፍ ስድስት ሰው ቀና ብሎ ያያል። አለቀ። ግን ስድስቱም አንድ ቦታ ማየት አለባቸው! መጀመሪያ ልምምድ ላይ አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ በሩን ያያል፣ አንዷ የጓደኛዋን ጫማ ታያለች። መንኮራኩሩ ስድስት ቦታ ተበጣጠሰ። ከዚያ አዳራሹ መጨረሻ ግድግዳ ላይ፣ ከተመልካቹ ጭንቅላት በላይ፣ ቀይ ጨርቅ ሰቀልን። ሁሉም ጨርቁን ያያል። ሲያርፍ ደግሞ ዓይናቸው እኩል እንዲወርድ በልባቸው እስከ ሰባት ይቆጥራሉ። በመጀመሪያው ምሽት ሦስተኛ ረድፍ ላይ የነበሩ ሰውዬ ዞር ብለው ወደ ኋላቸው አዩ። ያን ጊዜ ነው የተሳካልን።

ገንዘብ ያላቸውም እንደዚህ ነው ያደረጉት። «ስታር ትሬክ» በ1966 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መርከቧን በየሳምንቱ ፕላኔት ላይ ማሳረፍ ውድ ሆነባቸው። ስለዚህ ሰዎቹ በብርሃን ሟሙተው ሌላ ቦታ እንዲገኙ አደረጉ። ዓለም ያበደለት ፈጠራ የበጀት እጥረት ነው። የቢቢሲው «ኳተርማስ» የተባለ ድራማ በ1953 በቀጥታ ስርጭት ሲታይ የመጨረሻው አውሬ ምን ነበር መሰላችሁ? የጸሐፊው የናይጄል ኒል እጅ። ጓንት አጥልቆ፣ በትልቅ የቤተ ክርስቲያን ፎቶ ቀዳዳ አሾልኮ አወዛወዘው። እንግሊዝ በሙሉ ፈራ።

እኛ ደግሞ የጊዜን መሰበር በጀበና አሳየን። አሮጊቷ ቡና ቀድታ «አቦል ነው» ትላለች። ይጠጣል፣ ይወራል። ሁለተኛ ትቀዳለች፤ «አቦል ነው»። አንድ ሁለት ሰው ይስቃል፣ ተሳሳተች ብሎ። ሦስተኛ ትቀዳለች፤ ያው ሲኒ፣ ያው ድምፅ፣ ያው የእጅ አጣጣል። «አቦል ነው»። አዳራሹ ጸጥ። ጊዜ መቆሙን ማንም አልነገራቸውም። ይህን በኮምፒውተር ልሥራው ብትል ስንት ይፈጃል?

መብራትና ጭስስ?

ሁለት ፓውዛ ይበቃል። ባለቀለም የስጦታ ላስቲክ መሸፈን ከፈለጋችሁ መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን። በድሮው ትኩስ ፓውዛ ላይ ይቀልጣል፤ ሽታው ሳምንት አይለቅም። ከዚያም አልፎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የጭስ ማሽን እንዳትከራዩ። ደሴ ክረምት ላይ በሩን መክፈት ነው፣ ጭጋጉ ራሱ ይገባል። እውነቴን ነው፤ አንድ ምሽት ከሚያስፈልገን በላይ ገብቶ ተዋናዮቹ እርስ በርስ ተፈላለጉ።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ሁለት ባለባትሪ መብራት ከመጋረጃው ጀርባ ይቀመጥ። ሲጠፋ ማን ምን እንደሚል ቀድማችሁ ተለማመዱ፤ በዚያች ደቂቃ ፈጠራ ከሰማይ አይወርድም።

ልብሱን ከየት አገኛችሁት?

የጠፈር ልብስ ብለን የጀመርነው ጥፋት ነው። ከቢጫ ጀሪካን ሄልሜት ሠራን። በቢላ ቆርጠን፣ ብርማ ቀለም ቀብተን፣ ከፊቱ ወፍራም ላስቲክ ለጠፍን። ሲታይ ያምራል። ልጁ ሲያጠልቀው ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ላስቲኩን አላበው። የደሴ ብርድ ነዋ። ፊቱ ጠፋ። ሲናገር ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ይመስላል። አራተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ጓደኛችን «ምን አለ?» እያለች ጨረሰችው። ከዚያ በላይ፣ የዘይት ጀሪካን ነበርና ሽታው አዞረው።

ላስቲኩን ቀደድነው። ቀጥሎ የአገጩን ክፍል ቆረጥን። በመጨረሻ የቀረው አንገቱ ላይ ያለው ብርማ ቀለበት ብቻ ነው። በቂ ሆኖ ተገኘ! ቀለበቱን ያየ ሰው ሄልሜቱን አውልቆ እንደመጣ ይገባዋል። የቀረው ልብስ ከሳልባጅ የተገዛ ግራጫ ቱታ ነው። ኪሶቹን ፈታን። ኪስ የሌለው ልብስ ለምን እንግዳ እንደሚያስመስል አላውቅም፤ ግን ያስመስላል። እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ሲቆም ራሱ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው።

ሙዚቃና ድምፅስ? ኪቦርድ የለንም።

ደስ ይበላችሁ። የ«ዶክተር ሁ»ን መክፈቻ ሙዚቃ የደረሰው ሮን ግሬነር ነው። ያንን ድምፅ የሰጠችው ግን የቢቢሲ ባልደረባዋ ዴሊያ ደርቢሸር ናት። ጊዜው 1963 እ.ኤ.አ. ነው። ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ፣ አልነበራትም። የተመታ ክርና የመሣሪያ ጩኸት በቴፕ ቀድታ፣ አፍጥናና አዘግይታ፣ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠች ቀጠለችው። የድራማው መንኮራኩር ድምፅ ደግሞ የባልደረባዋ የብራያን ሆጅሰን ሥራ ነው። የእናቱን የቤት ቁልፍ በአሮጌ ፒያኖ ክር ላይ ፈገፈገው።

ይህን ሳነብ ቁልፌን አወጣሁ። ፒያኖ የለም፤ ክራር ግን አለ። የብረት ክር ባለው ክራር ላይ የበር ቁልፍ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። በስልክ ቅዱት። ከዚያ አዘግዩት። የጦሳ ተራራ የሚያቃስት ይመስላል። (የክራሩ ባለቤት ሳያይ ይሁን።)

ለዜማው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወሎ ነን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ሁሉም እጃችን ላይ ነው። እኔ ለጠፈር አንቺ ሆዬን እመርጣለሁ። ያልለመደው ጆሮ የት እንደሚያርፍ አያውቅም፤ የሚንሳፈፍ ነገር አለው። ቡድናችን ውስጥ ያለው ማሲንቆ ተጫዋች ግን አልተስማማም። «ከአገሩ ለራቀ ሰው አምባሰል ነው» አለ። ተከራከርን። መሰነባበቻዋ ላይ አምባሰል ገባ። እሱ ነው ልክ የነበረው፤ እንዳይሰማኝ እንጂ።

የጠፈር ሰው በወሎ አማርኛ ቢናገር አያስቅም?

ያስቃል፤ ይሳቅ። ችግሩ ሁሉም የዜና አንባቢ አማርኛ ሲናገር ነው። ያን ጊዜ ማንም ሰው አይመስልም። እኛ አሮጊቷ «ኸየት መጣህ የኔ ጌታ?» እንድትል አደረግን። እንግዳው ግን መጽሐፍ መጽሐፍ የሚል አማርኛ ይናገራል፣ ከማሽን የተማረ ይመስላል። በረካ ላይ ሊሰናበት ሲነሳ «ኸዚህ መቅረት ነበረብኝ» ይላል። አንዲት «ኸ» ናት። ግን አንድ ሌሊት ምን እንደለወጠው ተመልካቹ ከሷ ይረዳል። ተዋናዩ አዲስ አበባ ያደገ ስለሆነ እሷን ለማውጣት ሦስት ሳምንት ፈጀበት።

ይሄ ነገር ከባህላችንና ከሃይማኖታችን ጋር አይጋጭም?

በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። መድረክ ላይ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው። ቴአትራችን ሲወለድ ሰው ባልሆነ ፍጡር አፍ ነው የተናገረው ማለት ነው። ስለ መጪው ጊዜ መስማትም ለወሎ ብርቅ አይደለም። የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥም ዛሬም ቡና ላይ ይነሳል። እሳቸውን ከልቦለድ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ያ ድፍረት ነው። ጆሯችን ለነገ ወሬ እንግዳ አይደለም ለማለት ነው።

እኔም ፈርቼ ነበር። ካለቀ በኋላ አንድ ሽማግሌ ወደኔ መጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ነገር ግን ያ ሰውየ ቤት ሲገባ ሰላምታ አልሰጠም። ኸሰማይም ይምጣ ኸቆላ፣ ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም።» በማግስቱ አስተካከልነው። እንግዳው በሩ ላይ ይቆማል፣ እንዴት ሰላም እንደሚባል አያውቅም፣ አሮጊቷ ታስተምረዋለች። ከቴአትሩ ሁሉ የሚወደደው ትዕይንት አሁን እሱ ነው።

የግድ አዳራሽ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ በምትባል ከተማ አንድ ቡድን ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በየበጋው የድሮውን «ስታር ትሬክ» ክፍሎች መናፈሻ ውስጥ አሳይቷል። ሣር ላይ፣ በቀን ብርሃን። እኛ አገር ደጅ ላይ ከሆነ ከጥቅምት በኋላ ይሁን። ማይክ ከሌለ ደግሞ ከኋላችሁ ግድግዳ ይኑር፤ ድምፁን ይመልስላችኋል።

ስንት ብር ይፈጃል?

የኔን ሒሳብ ብነግራችሁ እስክታነቡት ዋጋው ተቀይሯል። ትልቁ ወጪያችን ግን ትራንስፖርትና ቡና ነበር። ቡናው በየምሽቱ እውነተኛ ነው የሚፈላው፤ ተቆልቶ። ሽታው መጨረሻ ረድፍ ድረስ ይደርሳል። ይሄን ቲቪ አይችልም።

«ይቀጥላል» ተብሎ የሚያልቀውን እንዴት አደረጋችሁት?

በቲቪ «ይቀጥላል» ሲልህ ሳምንት ትጠብቃለህ። ትኬት ቆርጦ በብርድ የመጣን ሰው ግን ሜዳ ላይ ጥለኸው መሄድ አትችልም፣ ይጣላሃል። እኛ ጥያቄውን ዘጋን፣ በሩን ግን ከፍተን ተውን። እንግዳው ይሄዳል። አሮጊቷ ሲኒዎቹን ታጥባለች፣ ትቆጥራለች። አንድ ሲኒ ይጎድላል። ደግማ ትቆጥራለች። መብራት ይጠፋል።

ሲኒዋን ማን ወሰዳት? ሁለተኛው ክፍል መቼ ነው?

ይሄን በሳምንት አንድ ሰው ይጠይቀኛል። ጽሑፉ ግማሽ ደርሷል። አሮጊቷን የምትጫወተው ሴትዮ ግን ልጇ ወልዳ ለአራስ ጥየቃ ኮምቦልቻ ወርዳለች፤ ጀበናውንም ይዛው ሄዳለች። እሷ ሳትመለስ ልምምድ አንጀምርም።